የባለክንዱ የመጨረሻ ልክ

አጎቴ እንደማይድን ሲነገረው መጀመሪያ የጠየቀው ሐኪሙ የተቀመጠበትን ወንበር ማን እንደሠራው ነው። ሐኪሙ ደንግጦ ወደ ታች አየ። ወንበሩ ያነክስ ነበር። ሐኪሙ በተነቃነቀ ቁጥር አንደኛው እግር ወለሉን ኳ ያደርጋል፤ አጎቴም ስለ ሳንባው የሚነገረውን ትቶ ኳኳታውን ሲያዳምጥ ቆይቷል። «ይሄን የሠራ ሰው ከእኔ በፊት መሞት ነበረበት» አለ ሸሚዙን እየቆለፈ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ «ከክረምቱ በፊት ነው በኋላ?» ሲል ጠየቀ። ሐኪሙ በፊት ሳይሆን አይቀርም አለው። አጎቴ ደስ ያለው መሰለ። እንጨት በክረምት ያብጣል፤ እሱ ደግሞ ያበጠ እንጨት መላግ አይወድም።

ይህን ሁሉ በዓይኔ ያየሁት እኔ ነኝ። የእናቴ ወንድም ነው፤ እኔን እንደ ሴት ልጁ ነው የሚያየኝ። ልጅ ስላልወለደ ሐኪም ዘንድ መውሰዱም፣ ከሚስቱ ጋር ሲኮራረፉ ማስታረቁም የእኔ ድርሻ ነበር። ስለ እሱ ሌላ ሰው ሲያወራ ብትሰሙ ከግማሽ በላዩ ውሸት ነው። የቀረው ደግሞ ራሱ አጎቴ ያወራላቸው ነው፤ እሱም ቢሆን ጨመር ማድረግ ይወድ ነበር።

አናጢ ነበር። ዘመኑ ሜትር የሚባለው ነገር ጨርቅ ነጋዴዎች ዘንድ ካልሆነ የማይታይበት ዘመን ነው። አናጢ የሚለካው በገላው ነበር፤ ከክርኑ እስከ መሐል ጣቱ ጫፍ አንድ ክንድ፣ እጁን ሲዘረጋ ከአውራ ጣቱ እስከ ትንሿ ጣቱ አንድ ስንዝር። አልጋ የሚያሠራ ሰው መጥቶ «አራት ክንድ ከስንዝር» ይላል፤ የማን ክንድ ተብሎ አይጠየቅም። የአጎቴ ክንድ ነዋ! የሰፈሩ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ የሱቁ መደርደሪያ፣ የትምህርት ቤቱ አግዳሚ፣ ሁሉም የዚያ ክንድ ልጆች ናቸው። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያስታውስ እስኪጠፋ ድረስ ሰው ሁሉ ባለክንዱ ይለው ነበር፤ እሱም በዚህ ስም ሲጠራ ደረቱን ነፋ ያደርጋል።

ችግሩ ክንድም ያረጃል። ቁርጥማት ያዘውና ጣቶቹ ወደ ውስጥ መታጠፍ ጀመሩ። መሐል ጣቱ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ሲቆለመም ክንዱም በዚያው ልክ አጠረ። እሱ ግን ወይ ፍንክች! ክንድ ክንድ ነው ባይ ነው። በዚህ የተነሳ አንድ ቤት ገብቶ ወንበሮቹን ያየ ሰው ዕድሜያቸውን መገመት ይችል ነበር፤ የቆየው ከፍ ያለ፣ አዲሱ ዝቅ ያለ ነው። ጎረቤታችን ባለሱቁ ከምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ ሁለቱም ዓይነት ነበረው። የሚወደውን እንግዳ ከአሮጌው ላይ ያስቀምጣል፤ የማይወደውን አገጩ ሳህኑን እስኪነካ ድረስ ከአዲሱ ላይ ያሰምጠዋል። አማቱ ስትመጣ የት እንደምትቀመጥ ግን አልነግራችሁም።

አቤቱታ ይዞ የሚመጣ ቢኖር አጎቴ መልስ አያጣም። አልጋው አጠረኝ ያለውን «ብርድ ልብስህ ነው የረዘመው» ብሎ ሸኝቶታል። ጠረጴዛው ጉልበቴን ይመታኛል ላለው ዳኛ «ዳኛ እግሩን ሰብስቦ ነው የሚቀመጠው» ብሎታል፤ ዳኛውም አፍሮ እግሩን ሰብስቦ ሄደ። በሕይወቱ አንድም ቀን «ተሳሳትኩ» ሲል የሰማው ሰው የለም። ሚስቱ እንኳ አልሰማችም፤ እሷ ደግሞ በግድግዳ ማዶ የሚንሾካሾክ ሰው የምትሰማ ሴት ነበረች።

ሚስቱን እትዬ ሎጋ ነው የምንላት። ከእሱ ትረዝማለች፤ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ በዚያ ላይ ጫማዋ ተረከዝ አለው። ሰዎች አብረው ሲያዩዋቸው ፈገግ ማለታቸው አይቀርም። አጎቴ ቀድሟቸው «ጥላ ፍለጋ ነው ያገባኋት» ይልና ሳቃቸውን ይነጥቃቸዋል።

በቤቱ የማይጠፋው ሌላ ሰው ጭምቱ ነው። ከአጎቴ ጋር ሲሠራ ፀጉሩ የሸበተ፣ ልጆቹን የዳረ ሰው ነው፤ በቀን የሚናገረው ቃል ግን ከሚመታው ምስማር ያነሰ ነው። ይህ ዝምተኛ ሰው ታዲያ አንድ ጉድ ነበረው፤ ተጣጣፊ የእንጨት ሜትር ካልሲው ውስጥ ሸጉጦ ይዞር ነበር። አጎቴ በክንዱ ለክቶ በእርሳስ ምልክት ያደርግና ፊቱን ያዞራል። ያኔ ጭምቱ ጎንበስ ብሎ ሜትሩን ያወጣል፣ ምልክቱን ፈቀቅ ያደርጋል፣ መልሶ ይሸጉጣል። ያጠሩት አልጋዎችና የሰመጡት ወንበሮች አጎቴ ፊቱን ለማዞር በዘገየባቸው ቀናት የተሠሩ ናቸው። እኔም እትዬ ሎጋም ይህን እናውቅ ነበር። የማያውቀው አጎቴ ብቻ ነው።

ከሐኪሙ በተመለስን ማግስት አጎቴ አልጋው ሥር ያከማቻቸውን የጥድ ሳንቃዎች አስወጣ። እትዬ ሎጋ ለቁም ሳጥን ናቸው ብላ በተስፋ የምትጠብቃቸው ሳንቃዎች ነበሩ።

«የሬሳ ሳጥኔን ራሴ ነው የምሠራው» አለ።

«ምን ቆርጦህ! ጭምቱ አለ አይደል? ይሥራልህ።»

«ጭምቱ ጎበዝ ነው። ግን ልክ አያውቅም።»

ጭምቱ ጥግ ላይ ቆሞ መላጊያውን ይጠርግ ነበር። ቀና አላለም። እኔና እትዬ ሎጋ ግን ሳናስበው ሁለታችንም ካልሲውን አየን።

«ማንም እንዳይነካብኝ» ሲል ቀጠለ አጎቴ። «ምልክቱም የእኔ፣ መጋዙም የእኔ። ከዚህ ግቢ የሚወጣ የመጨረሻ ሥራዬ ነው፤ ያውም ከነባለቤቱ።»

እንደ ዛተውም ጀመረ። ትንሽ ይልግና ያስላል፣ ያስልና ይቀመጣል፣ ተቀምጦም ጭምቱን ይቆጣል። የሰፈሩ ሰው መንገዱን በእኛ ደጅ በኩል አደረገ። ሕመምተኛ ሊጠይቅ የገባ ሁሉ ዓይኑ ሳንቃው ላይ ነው። ባለሱቁ ስለ መያዣው ቀለበት ምክር ሰጠ፤ አንዲት ጎረቤት ውስጡን ጨርቅ ብታለብሰው ይሞቅሃል አለችው። ሁለቱንም ጆሮ ዳባ ልበስ አላቸው።

ስለ ርዝመቱ ጭንቀት አልነበረበትም። በወጣትነቱ ሥራ ሊቀጠር ሲሄድ ያስተማረው አናጢ ግድግዳ አስደግፎ በገዛ ክንዱ እንዲለካ አድርጎት ነበር፤ ልክ አራት ክንድ። ያንን ቁጥር ዕድሜውን ሙሉ እንደ ማዕረግ ይዞት ኖሯል። በዚያ ላይ አንድ ስንዝር ጨመረ።

«ስንዝሩ ለምንድን ነው?» አለችው እትዬ ሎጋ።

«ለክብር። ራሱም እግሩም ሳንቃ የሚነካ ሬሳ የኪራይ ቤት ውስጥ ያለ ይመስላል።»

ሳጥኑ ያለቀ ዕለት እትዬ ሎጋ ሻይ ይዛ ወደሚሠራበት ክፍል ገባች፤ ወዲያው ተመልሳ ወጣች። ሻዩ እጇ ላይ እንዳለ ነው። እኔንና ጭምቱን በዓይኗ ጠርታ ወደ ማድ ቤት አስገባችንና በሩን ዘጋች።

«አየኸው?» አለችው።

ጭምቱ አንገቱን ደፋ። አይቶታል። አጎቴ ሲያንጎላጅ በሜትሩ ለክቶታል ጭምር። «ያጥራል እትዬ» አለ። «በጣም ያጥራል። ጉልበታቸው ካልታጠፈ አይገቡም።»

እትዬ ሎጋ ሻዩን ቁጭ አደረገችው። «ስሙኝ» አለች። «ይሄ ሰው ዕድሜውን በሙሉ እንጨት ላይ ጎብጦ ነው የኖረው። ቢያንስ ሲሞት ቀጥ ብሎ ይተኛ። ታጥፎ አይሄድብኝም። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ይሄን ግን እፈልጋለሁ።»

«ታዲያ ንገሪው» አልኳት።

«አንቺ ንገሪው።»

ሁለታችንም ጭምቱን አየነው። ጭምቱ ጣሪያውን አየ።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሰውየው ሞቱን በወግ ተቀብሏል። ክንድህ አጥሯል ብንለው ግን እዚያው በንዴት ይሞትብናል፤ ያውም የሚገባበት ሳጥን ሳይኖረው። እኔ በበኩሌ ሞቼ ነው ቆሜ የምነግረው ብዬ እጄን አጣጠፍኩ። እትዬ ሎጋ ግን ዘዴ ፈለገች። ቢያንስ እውነተኛ ልኩን እንወቅ፤ ከዚያ ጭምቱ ልኩን ቤቱ ወስዶ ሌላ ሳጥን በድብቅ ይሠራል፤ አጎቴ ዓይኑን ሲከድን እንለውጠዋለን አለች። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ አጎቴ ጋደም ሲል ሲባጎ ይዛ በጓዳ በኩል ገባች፤ እኔ ራስጌ ሲባጎውን ያዝኩ፣ እሷ ወደ እግሩ ወረደች። አውራ ጣቱ ጋ ስትደርስ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ብርድ ልብሱን እያስተካከልኩልህ።»

«በሲባጎ?»

«እንዳይንሸራተት ላስረው ብዬ ነው።»

አጎቴ ወደ ራስጌው ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔም ሲባጎውን ጥርሴ ውስጥ ከትቼ እንደሚሰፋ ሰው ሆንኩ። ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ እስካሁን አላውቅም። «ጤነኛው እኔ ብቻ ነኝ እዚህ ቤት» ብሎ ዓይኑን መልሶ ከደነ።

እሱ ግን አንድ ልማድ ነበረው፤ የረሳነውም ይህንኑ ነው። ደንበኛው ሳይሞክረው ከግቢው የሚወጣ ሥራ አልነበረም። አልጋ ያሠራ ሰው ተኝቶበት ካልተገላበጠ አይወስድም፤ ወንበር ያሠራች ሴት ቁጭ ብላ ሻይ ካልጠጣችበት አይለቅላትም። ለዚህኛው ሳጥን ደንበኛው ራሱ ነው። እሁድ ከሰዓት ጎረቤቱን ጠርቶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። እትዬ ሎጋ «ይቅርብህ፣ ብርድ ይመታሃል» ብላ ለመነችው። «ብርድ የሚመታኝ ገና ነው» አላትና እየተደገፈ ገባበት።

መጀመሪያ እግሩን ዘረጋ፤ ከዚያ ራሱን ወደ ኋላ ሊያሳርፍ ሞከረ። አላረፈም። ፈቀቅ አለ። አሁንም አላረፈም። «ጫማዬ ነው» አለና ጫማውን አውልቆ ለባለሱቁ አቀበለው። እንደገና ሞከረ። በመጨረሻ ራሱ ሲያርፍ ጉልበቶቹ ከሳጥኑ አፍ በላይ ብድግ ብለው ቆሙ። ሰው ሁሉ እነዚያን ሁለት ጉልበቶች ያያል። ባለሱቁ ጫማዎቹን ደረቱ ላይ ታቅፎ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ረዝሜያለሁ» አለ አጎቴ ከውስጥ።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«በሽታ ሰውን ያስረዝማል። አልጋ ላይ መዋል ይስባል።»

«በጣም ይስባል» አለ ባለሱቁ በቀጠነ ድምፅ።

ሊነሳ ፈልጎ የሳጥኑን ጠርዝ ለመያዝ እጁን ሲያነሳ እጁ ፊቱ ላይ ቀረ። ጣቶቹን አያቸው። መሐል ጣቱን ሊያቃና ሞከረ፤ አልቃና አለው። በሌላኛው እጁ ጎተተው፤ ለቀቅ ሲያደርገው ተመልሶ ታጠፈ። ብዙ ጊዜ ቀልዶብናል፣ ብዙ ጊዜ አናዶኛል፤ ያን ጊዜ ግን አንጀቴን በላው።

«ጭምት» አለ።

«አቤት ጋሼ።»

«ይሄን ሳጥን አልነካኸውም።»

«አልነካሁም ጋሼ።»

«ሌሎቹንስ?»

ጭምቱ ጎንበስ ብሎ ሱሪውን ሰበሰበና ከካልሲው ውስጥ ሜትሩን አወጣ። የሰፈሩ ሰው አፉን ይዞ ቀረ። አጎቴ ተኝቶ እንዳለ እጁን ዘረጋ፤ ሜትሩን ተቀብሎ ዘረጋው፣ አጠፈው፣ እንደገና ዘረጋው። አሁን ሰብሮ ይወረውረዋል ብዬ ጠበቅኩ።

«ማጠፊያው ላልቷል» አለ።

«አዎ ጋሼ።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን በላላ ማጠፊያ ነው ስታርመኝ የኖርከው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ።»

«እግርህን አልቆረቆረህም?»

«ቆርቁሮኛል ጋሼ።»

«ደግ አደረገ» አለ አጎቴ፤ ከዚያም መሳቅ ጀመረ። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ሳቅ ሆነ፤ ባለሱቁ እስካሁን ያፈነውን ለቀቀው፣ ግቢው በሳቅ ተናወጠ። እንደዚያ እየሳቅን ነው ከሬሳ ሳጥኑ አንስተን ያወጣነው። ሳጥኑን ለዱቄት እንዲሆነው ባለሱቁ ለምኖ ነበር። አጎቴ ግን ለጭምቱ የዕቃ ማስቀመጫ ሰጠው፤ ሜትሩም እዚያ ይደር፣ ካልሲህ ይረፍ አለው።

ሳቁ ሲያልፍ ጭንቀቱ እዚያው ነበር። ክረምቱ እየቀረበ፣ ሰውየው እየመነመነ ነው፤ የሚተኛበት ሳጥን የለም። ጭምቱ ሜትሩን ይዞ አልጋው አጠገብ ሲቆም አጎቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ካልሲ ውስጥ በኖረ ነገር ተለክቼ አልቀበርም።»

«ታዲያ በምን ልትለካ ነው?» አለችው እትዬ ሎጋ። «በማንኪያ?»

«ዕድሜ ልኬን በክንድ የሠራሁ ሰው ነኝ። በክንድ እገባለሁ።»

«ያንተ ክንድ የሚያደርግህን አየን እኮ!»

ተናድዳ ወጣች፤ ማድ ቤት ገብታ ድስት ስታጋጭ ዋለች። ለማስታረቅ ብሄድ ሁለቱም አባረሩኝ። እንዲህ ተኮራርፈው ሰነበቱ፤ እሷ ሾርባውን ዝም ብላ ታጎርሰዋለች፣ እሱ ዝም ብሎ ይጎርሳል። አንድ ቀን ጠዋት ግን ማንኪያውን በእጁ መለስ አደረገና «ክንድሽን አምጪው» አላት።

«ምን?»

«ክንድሽን። የእኔና ያንቺ እኩል ነው። ተለካክተናል።»

እውነት ነው፣ ተለካክተዋል። ሊያጫት ሲያስብ የአባቷን ቤት ቁም ሳጥን ሊጠግን ይሄድና፣ መለኪያ እንደቸገረው ሰው ሆኖ «እስኪ ክንድሽን ከክንዴ አጠገብ አድርጊው» ይላታል። ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ አቆሙ። እሱ አየና «እኩል ነው፤ ክንዳቸው እኩል የሆነ ሰዎች አብረው ይኖራሉ፣ የአናጢ ሕግ ነው» አላት። እንዲህ ያለ ሕግ የለም። እኩልም አልነበረም። የእሷ ክንድ በጣት ይበልጥ ነበር፤ እሱ ክርኑን ከጠረጴዛው ላይ በስርቆሽ ከፍ አድርጎ ነው ያስተካከለው። እሷም አይታዋለች። «ዓይኔ እያየ አጭበረበረኝ» አለችኝ ይህን ስትነግረኝ። «ምነው ዝም አልሽ?» ብላት «ወደድኩታ!» ብላ ተቆጣችኝ።

ያን ቀን ጠዋትም ዝም አለች። እጅጌዋን ሰበሰበች። አጎቴን በወንበር አድርገን ደጅ አወጣነው፤ ጭምቱ አዲስ ሳንቃ ዘረጋ፤ እሷም ተንበርክካ ክንዷን አስተኛች።

«ክርንሽን አታንሺ!» ይላል አጎቴ።

«ክርን የሚያነሳ ሌላ ሰው ነው።»

አጎቴ አልሰማ እንዳለ ሰው ወደ ዛፉ አየ። አራት ክንድ ለካች። ከዚያ አንድ ስንዝር ጨመረች፤ እሱ እንዳለው ለክብር። ጭምቱ በዓይኑ ለክቶ ረዘም ማለቱ ገብቶታል፤ እጁ በልማድ ወደ ካልሲው ሲወርድ አየሁት። እሷም አየችው። «ተው» አለችው። ቀና አለና ምልክቱ ላይ መጋዙን አሳረፈ። ይሄን ሳጥን የሞከረው ሰው አልነበረም፤ አጎቴ ከዚያ በኋላ ከአልጋ መውረድ አልቻለምና።

ሳጥኑ ካለቀ ብዙም አልቆየ። አንድ ጠዋት እትዬ ሎጋ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ጭምቱ ደጅ የሆነ መደርደሪያ ሲልግ፣ አጎቴ «መላጊያው ደንዟል፣ ንገሪው» አላት። ወጥታ ነገረችው። ጭምቱ ምላጩን ፈትቶ አየ፤ በእርግጥም ደንዞ ነበር። ይህን ልትነግረው ብትመለስ አጎቴ የለም። የመጨረሻ ቃሉ የሰው ሥራ መንቀፍ ሆኖ ቀረ፤ ሌላ ቃል ቢሆን ኖሮ እኔም ባላመንኩ።

ሰው ተሰበሰበ፣ አጠብነው፣ በነጭ አንሶላ ጠቀለልነው። ጭምቱና ባለሱቁ ሳጥኑን ተሸክመው ወደ ውስጥ ገቡ፤ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። በሩ የሚገኘው ጠባብ መተላለፊያ ጫፍ ላይ ነው፤ ለመግባት መዞር ያስፈልጋል። ሳጥኑ አልዞር አለ። ወደ ኋላ መለሱት፣ አቆሙት፣ አጋደሙት። ያንን በር አጎቴ ያደሰው ጣቱ ከሁሉ ይበልጥ በታጠፈበት ሰሞን፣ ጭምቱ ልጁን ሊድር ወጣ ባለበት ሳምንት ነው። ከላይም ዝቅ ያለ፣ ከጎንም ጠባብ ነበር። በእትዬ ሎጋ ክንድ የተሠራ ሳጥን በአጎቴ ክንድ በተሠራ በር አይገባም።

ምክር ዘነበ። አንዱ እዚያው ደጅ አስቀምጠን ሰውየውን እናውጣው አለ። ባለሱቁ ቆሽቱ አረረ። «ባለክንዱን ያህል ሰው እንደ ጆንያ ተሸክመን አናወጣውም! ከቤቱ በሳጥን ነው የሚወጣው። በሩ ይሰበር!» አለ። ብዙው ሰው ደገፈው። ጭምቱ መሮና መዶሻ ይዞ መጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። የጌታውን ምልክት በድብቅ ሲያዛባ ኖሯል እንጂ የጌታውን ሥራ አፍርሶ አያውቅም።

መታው። ምንም የለም። ከሌላ በኩል መታው። አጎቴ በር ሲሠራ ምስማር አይመታም ነበር፤ የአንዱን እንጨት ጫፍ ቀርጾ ከሌላው ሆድ ውስጥ ነው የሚሰካው። ልኩ የተሳሳተ ይሆናል፤ የሰካው ግን አይወጣም። ባለሱቁ ካፖርቱን አውልቆ የበሩን መቃን ያዘ፣ ሌሎችም ተጨመሩ፣ እየተጋገዙ ጎተቱ። ከግድግዳው ልስን ፈረሰ፣ አቧራው ለቀስተኛውን አስነጠሰ፤ መቃኑ ግን ስንጥር እንኳ አልሰጣቸውም። ጭምቱ በመጨረሻ መዶሻውን ጣለና አቧራው ላይ ቁጭ አለ። እያለቀሰ ነው፣ እየሳቀም ነው። «አልላቀቅ አለ!» ይላል። «እትዬ፣ አልላቀቅ አለ እኮ! አያችሁት? አልላቀቅ አለ!» በዚያን ዕለት የተናገረው ቃል ከዓመቱ ሁሉ ይበልጥ ነበር።

«ተዉት» አለች እትዬ ሎጋ። «በሩን አትንኩት። ሳጥኑን ደጅ አውጡት።»

ባለሱቁ ሊከራከር አፉን ከፈተ። አየችው፤ ዘጋው። ሳጥኑን ይዘው ወጡ። እሷ ወደ ውስጥ ገባች፤ ልታለቅስ መስሎን ጠበቅናት። ቆይታ ተመለሰች። አጎቴን በሁለት እጇ ታቅፋዋለች። በሽታው ጨርሶት እንደተላገ ሳንቃ ቀሎ ነበር፤ ቢሆንም እሷም አሮጊት ናት። ልረዳት ስጠጋ ራሷን ነቅንቃ መለሰችኝ። በሩ ጋ ስትደርስ ጎንበስ አለች፣ ጎኗን ሰጠች፤ መጀመሪያ ራሱን፣ ቀጥሎ እግሩን አሳለፈች። ከመቃኑ ምንም አልነካውም። በመተላለፊያው ሰው ሁሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አሳለፋት፤ ባለሱቁ ካፖርቱን አንስቶ ደረቱ ላይ ይዞ ነበር።

ደጅ ሳጥኑ ውስጥ አስተኛችው። ቀጥ ብሎ ተኛ። ጉልበቱን ዳበሰችው፣ አንሶላውን አስተካከለችለት። እግሩ ሥር ትልቅ ባዶ ቦታ ቀርቶ ነበር፤ ሕፃን የሚያስተኛ ቦታ። እትዬ ሎጋ ያንን ቦታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ተሳሳትኩ፤ ትንሽ አበዛሁብህ» አለችው። ያኔ ነው ማልቀስ የጀመረችው።